በቅደም ተከተል የሚጫኑ ሦስት ቁልፎች፦ ለፖርታል 2 አዲስ ዕቃ ስንሠራ የተባባልነው

በፎረማችን የከፈትኩት የውይይት ክር 31 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚመጣ ሰው ከላይ እስከ ታች ሲፈልግ እንዳይውል፣ የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ማን ምን እንዳለ በቁጥሩ እየጠራሁ ላውጋችሁ።

በመክፈቻው ያነሳሁት ነገር እንዲህ ነበር። የጨዋታ አምራቹ ቫልቭ፣ በየክፍሉ እንቆቅልሽ እየተፈታ ለሚታለፍበት ፖርታል 2 ለተባለ ጨዋታ ሜይ 8 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. በነፃ ያወጣውን ፓዝል ሜከር የተባለ ክፍል መሥሪያ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ክፍሉን እንደ ጭቃ እየቦረቦራችሁ ትሠራላችሁ፤ በጎን ካለው ሰሌዳ ቁልፍ፣ በር፣ ሌዘር፣ የብርሃን ድልድይ እየጎተታችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ ቁልፉን ከበሩ ጋር ታገናኙና መጫወት ነው። አንዲት መስመር ኮድ አትጽፉም። ግን ሰሌዳው ላይ ከሌለ የለም። ሦስት ቁልፍ ከአንድ በር ጋር ስታገናኙ በሩ የሚከፈተው ሦስቱም አብረው ሲበሩ ነው፤ የትኛው ቀድሞ እንደተጫነ ግድ የሚሰጠው ነገር የለም።

እኔ ደግሞ የፈለግኩት ቅደም ተከተሉን ነው። ስለዚህ የቫልቭ ካርታ (የጨዋታ ክፍል) መሥሪያ ወደሆነው ሀመር ገብቼ ሦስት ባለ እግር ቁልፍ በአንድ ረድፍ የያዘ ኢንስታንስ፣ ማለትም በካርታ ውስጥ ደጋግሞ የሚቀመጥ ቁራጭ፣ ሠራሁ፤ ሰሌዳው ላይ እንዲወጣም አደረግኩ። አንድ ሲቀመጥ ይሠራል። ሁለት ሳስቀምጥ ግን የአንዱን ስጫን የሌላውም በር ይከፈታል። ሁለተኛው ችግሬ ከዚህ የባሰ ነበር፦ ያሳየኋቸው ሰዎች በሩ ሲከፈት እንኳ ለምን እንደተከፈተ አልገባቸውም። ሁለቱንም ጠየቅኩ። ከዚያም አንድ አስተያየት ጨመርኩ፤ በዋናው ጨዋታ የሌለ ዕቃ የገባበት ክፍል ሁልጊዜ ከሌለበት የተሻለ እንደሆነ ጻፍኩ። ኋላ ላይ ጭቅጭቅ ያመጣው ይህ አስተያየት ነው።

መልስ 1 ከልብ እንኳን ደስ ያለህ ብሎ፣ የኢንስታንሱን ፋይል ሳያይ መናገር እንደሚከብደው ገልጾ እንድለጥፈው ጠየቀ። ለጠፍኩት።

መልስ 2 ጥያቄውን በጥድፊያ አንብቦት ነው መሰለኝ፣ በሦስቱም ቁልፎች ላይ ሰዓት ቆጣሪ እንዳደርግ መከረኝ። መልስ 3 በትህትና አረመው፦ ቆጣሪ ቁልፉ ስንት ሰከንድ በርቶ እንደሚቆይ ይወስናል እንጂ የትኛው ቀደመ የሚለውን አይመልስም፤ ሦስቱን በየትኛውም ቅደም ተከተል ቶሎ ቶሎ የተጫነ ሁሉ ያልፋል። መልስ 2ን የጻፈው ልጅ ወዲያው ተቀብሎ ይቅርታ ጠየቀ። እንዲህ ዓይነት ሰው ክር ውስጥ ሲኖር ደስ ይለኛል።

መልስ 4 ፋይሉን ከፍቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በሽታውን አገኘው። ለብዙዎቻችሁ ስለሚጠቅም ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ኢንስታንስ ውስጥ ስም የሰጣችሁት ኢንቲቲ (እንደ ቁልፍና በር ያለ የሚሠራ አካል) ሁሉ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ጨዋታው ወደሚያነበው ፋይል ሲቀየር፣ የኢንስታንሱ ስም ከፊቱ ይቀጠልለታል። አንድ ዕቃ አሥር ጊዜ ብታስቀምጡት አሥሩ ሪሌዮች (ትእዛዝ አስተላላፊዎች) አሥር የተለያየ ስም ይዘው ይወጣሉ፤ ስለዚህ አይጋጩም። ስሙ በአት (@) ምልክት ከጀመረ ግን አይነካም፤ በመላው ካርታ ውስጥ አንድ ስም ሆኖ ይቀራል። እኔ ደግሞ ከአንድ የቆየ ማስተማሪያ ስገለብጥ አቱን አብሬ ገልብጬ ኖሮ፣ ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ስም ይዘው ለአንድ ጥሪ ሁለቱም አቤት ይሉ ነበር። አት የሚያስፈልገው ከኢንስታንሱ ውጭ ያለ፣ ለካርታው ሁሉ የጋራ የሆነ ነገር ስትጠሩ ብቻ እንደሆነ ጨምሮ አስረዳ።

መልስ 5 የእኔ ነው። ምልክቱን ሰርዤ ሁለት ዕቃ አስቀምጬ ሞከርኩ፤ እያንዳንዱ የራሱን በር ብቻ ከፈተ። አመሰገንኩ።

መልስ 6 የጻፈችው ልጅ ፋይሉን አይታ ዘጠኝ ሪሌይ መደርደሬ ከንቱ ድካም እንደሆነ በግልጽ ነገረችኝ። እርሷ ያቀረበችው አሠራር እጅግ ያምራል። ለ2ኛውና ለ3ኛው ቁልፍ አንዳንድ ሎጂክ ብራንች በቂ ነው። ብራንች በሆዱ ዜሮ ወይም አንድ ይይዛል፤ ቴስት የሚል ትእዛዝ ሲደርሰው አንድ ከያዘ በአንድ በኩል፣ ዜሮ ከያዘ በሌላ በኩል ይመልሳል። 1ኛው ቁልፍ የ2ኛውን ብራንች አንድ ያደርገዋል። 2ኛው ቁልፍ ሲጫን የራሱን ብራንች ይጠይቃል፤ አንድ ካገኘ የ3ኛውን አንድ ያደርጋል፤ ዜሮ ካገኘ ሁሉም ይደመሰስና እንደ አዲስ ይጀመራል። 3ኛውም እንዲሁ፤ አንድ ካገኘ በሩን ይከፍታል። ዘጠኝ ሪሌይ በሁለት ብራንች ተተካ። ሶርስ የተባለው የጨዋታው ሞተር በአንድ ካርታ የሚችለው የኢንቲቲ ብዛት የተወሰነ ስለሆነ፣ ዕቃው ሲቀል ሰው ክፍሉ ውስጥ እንደልቡ እንደሚደረድረውም አስታወሰችን።

መልስ 7 ከነባሮቹ አንዱ ናቸው። ማንም የራሱን ዕቃ መጨመር በማይችልበት ጊዜ፣ በ2012 እንዴት እንደሚያደርጉት አወጉን። ተጫዋቹ የማያያት ድብቅ ክፍል ይሠራሉ፤ ውስጧ ከጣሪያ የሚወርድ ኪዩብ በብርሃን ድልድይ ላይ ያርፋል፤ ከድልድዩ ሥር የወለል ቁልፍ አለ። ተጫዋቹ ውጭ ያለውን ቁልፍ ሲጫን ድልድዩ ይጠፋል፤ ኪዩቡ ይወድቅና ቁልፉን ለዘለዓለም ተጭኖት ይቀራል። አንዴ የተደረገን ነገር የሚያስታውስ ማሽን ማለት ነው። ከሁለት ነገሮች አንዱ ሲበቃ ለማለት ደግሞ ሁለት ሌዘር በአንድ ሌዘር ማስተላለፊያ ላይ እንዲያርፉ ያደርጉ ነበር፤ የትኛውም ቢበራ ማስተላለፊያው ይበራል። ይህን ሳነብ ቁጭ ብዬ በወረቀት ሳልኩት። ባለው ነገር ብቻ ይህን ያህል መሄድ ትልቅ ብልሃት ነው።

መልስ 8 ሦስቱ ቁልፎች በአንድ ረድፍ መታሰራቸውን አልወደደውም። የሚያስታውሰውን አካል ለብቻው ሳጥን አድርጌ፣ ቁልፎቹን የክፍሉ ሠሪ በፈለገበት ግድግዳ እንዲያስቀምጣቸው ብተውስ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ግን መልስ 9 የማይሆንበትን ምክንያት አሳየ። ፓዝል ሜከር መስመሩ ከየትኛው ቁልፍ እንደመጣ ለተቀባዩ ዕቃ አይነግረውም። የተገናኙት ሁሉ ተደምረው አንድ ትእዛዝ ሆነው ይደርሳሉ። ሳጥኑ ማን እንደጠራው ካላወቀ ቅደም ተከተል ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ቁልፎቹ ከአንጎላቸው ጋር በአንድ ኢንስታንስ ውስጥ መኖር አለባቸው፤ ዕቃው 128 በ384 ዩኒት፣ ማለትም ሦስት ካሬ፣ ሆኖ ቀረ።

መልስ 10 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው ከመክፈቻው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገሬን አንስቶ መታኝ። በሰሌዳው ላይ ያሉት ዕቃዎች ገና ተነክተው ያላለቁ እንደሆኑ፣ አዲስ ዕቃ የሚፈጥረው በነባሩ ማሰብ ያቃተው ሰው እንደሆነ፣ ተጫዋቾች የሠሩትን ክፍል የሚለጥፉበት የስቲም ወርክሾፑም በእንዲህ ዓይነት ክፍል መጨናነቁን ጻፈ። ቃላቱ ይበልጥ የከረሩ ነበሩ፤ እዚህ መድገም አልፈልግም።

መልስ 11 በባሰ ቃል መለሰለት፤ አስተባባሪው ግማሹን አነሳው። መልስ 12 ግን ከስሜት ወጥታ ወደ ታሪኩ ወሰደችን። ፖርታል ራሱ የመጣው ሬድመንድ በሚገኘው ዲጂፔን የሚማሩ ተማሪዎች በ2005 ከሠሩት ናርባኪዩላር ድሮፕ ከተባለ ጨዋታ ነው፤ ቫልቭ ቡድኑን ቀጥሮ በ2007 ፖርታልን አወጣ። በፖርታል 2 ውስጥ የሚያዘልለውና የሚያፈጥነው ቀለምም ታግ ዘ ፓወር ኦፍ ፔይንት ከተባለ የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሥራ የመጣ ነው። ዛሬ ነባር የምንለው ዕቃ ትናንት የተማሪ ሙከራ ነበር ማለቷ ነው። ይህ መልስ የብዙ ሰው ድጋፍ አገኘ፤ እኔም ደገፍኩት።

መልስ 13 አስተባባሪው ሰላም እንድንሆን ያሳሰበበት ነው።

መልስ 14 የ10ኛው ጸሐፊ ተመልሶ መጣ። ለቃላቱ ይቅርታ ባይልም ሐሳቡን አጠራው። የሚያናድደው አዲስነቱ ሳይሆን አለመነበቡ ነው። የቫልቭ ዕቃ ሁሉ ሳትነካው ምን እንደሚያደርግ ይናገራል፤ ወለል ላይ ያለው ትልቅ ቀይ ቁልፍ ክብደት እንደሚፈልግ ቅርጹ ይነግርሃል፤ ሌዘር መቀበያው በሌዘሩ ልክ ነው። የእኔ ሦስት ቁልፎች ግን አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቅደም ተከተል እንዳላቸው በምን ይታወቃል? ተጫዋቹ የሚያደርገው ስድስቱን አማራጭ አንድ በአንድ መሞከር ነው፤ ያ ደግሞ ማሰብ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሰው ልክ ነበር። በሩ ለምን እንደተከፈተ ሰዎች ያልገባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽቦውን ሳስተካክል ከረምኩ፤ ፊቱን አንድም ቀን አላየሁትም። በመክፈቻው የጻፍኩትንም ዓረፍተ ነገር ያን ዕለት ሰረዝኩት።

መልስ 15 በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ የሚጽፉት ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጃቸው ከልጅ ልጃቸው ጋር ስትጫወት ከጎን ሆነው እያዩ ክሩን እንደተከታተሉት ገለጹና፣ ነገሩ ከእንቆቅልሽ ደንብ የተለየ እንዳልሆነ ነገሩን። ልጅ ሳሉ ማታ ማታ ምን አውቅልህ ተባብለው ሲጫወቱ፣ ቀን ሲሄድ ውሎ ሌሊት ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው ተብሎ መልሱ ወንዝ ሲሆን፣ ያልመለሰው ልጅ ቃሉን መልሶ ሲያስበው እያንዳንዱ ቃል ወንዙ ላይ ይገጥምለታል፤ ተሸንፎም ደስ ብሎት አገር ይሰጣል። መልሱ ግን የጠያቂው ቤት ጓሮ ያለ፣ ሌላው ሊያውቀው የማይችል ነገር ሲሆን ልጆቹ አገር አንሰጥም ብለው ያምፁ ነበር። የእርስዎ መልስ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የበለጠ ነበር፤ እማማ፣ እግዜር ይስጥልን።

ከ16 እስከ 18 ያሉት ከዚህ ተነስተው ወጡ። አንዱ ፓዝል የሚለውን ትተን እንቆቅልሽ እንበል አለ፤ ሌላው እንቆቅልሽ የአፍ ነው፣ በእጅ ለሚፈታ ነገር አይሆንም ብሎ ተከራከረ፤ ሦስተኛው ያደገበትን የአገር አሰጣጥ ግጥም ሙሉውን ለመጻፍ ሞክሮ ግማሹ ጠፋበት። ደስ የሚል ወሬ ነበር።

መልስ 19 ወደ ጉዳዩ መለሰን። ጨዋታው ራሱ የሰጠንን ቋንቋ እንድንጠቀም መከረ፦ ከቁልፍ እስከ በር የሚሄደው የነጠብጣብ መስመር ሲጠፋ ሰማያዊ፣ ሲበራ ብርቱካንማ ነው፤ ጫፉ ላይ የእርማት (✓) ወይም የኤክስ ምልክት ያለበት ሰሌዳ አለ። ተጫዋቹ ይህን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ተምሮታል። ስለዚህ ከ1ኛው ቁልፍ ወደ 2ኛው፣ ከ2ኛው ወደ 3ኛው አጭር የነጠብጣብ መስመር ብዘረጋ ማንም ሳይነግረው አካሄዱ ይታየዋል፤ ስሕተት ሲጫን ደግሞ ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ ሰማያዊ ሲመለስ መደምሰሱን በዓይኑ ያያል። እኔ እስከዚያ ድረስ ቀይና አረንጓዴ መብራት ነበር ያደረግኩት።

መልስ 20 በዚያው መብራት ጉዳይ ገባ። ወንድሙ ቀይና አረንጓዴን መለየት ስለማይችል የእኔ ዕቃ ለእርሱ ሁልጊዜ የጠፋ እንደሚመስል፣ ሰማያዊና ብርቱካንማ ግን እንደማይምታታበት ነገረኝ። አላሰብኩበትም ነበር።

መልስ 21 በቁልፎቹ እግር ላይ የግእዝ ቁጥር፣ ፩ ፪ ፫፣ እንዳደርግ ሐሳብ አቀረበች። ልቤ እዚያ ሄደ። በዚያ ነጭና ግራጫ ቤተ ሙከራ ውስጥ የእኛን ቁጥር ማየት ያጓጓል። መልስ 22 ግን ካርታው ወርክሾፕ ላይ ወጥቶ ዓለም ሁሉ እንደሚጫወተው፣ ከእኛም ውስጥ ፮ን ከ፯ የሚያምታታ ብዙ ሰው እንዳለ በመጥቀስ ተቃወመ፤ እማማ ያሉትን የጓሮ እንቆቅልሽ ልንደግመው ነው ማለቱ ነበር። ልጅቷ ጠንከር ብላ መለሰች፦ ሌላው ዓለም የራሱን ፊደል በጨዋታ ሲያስገባ ማንም ፈቃድ አይጠይቅም። መልስ 23 ሁለቱን አስታረቀ። በግልጽ የሚታዩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነጥቦች ይደረጉ፤ ከሥራቸው የግእዙ ቁጥር በትንሹ ይጻፍ። ነጥቡን ማንም ይቆጥራል፤ ቁጥሩን የማያውቅም ከነጥቡ ይማረዋል። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ።

መልስ 24 ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገውን በአጭሩ ጻፈ፦ የቴክስቸሩ (በዕቃው ላይ የሚለጠፈው ሥዕል) ጎን 256 ወይም 512 ይሁን፤ የሁለት እርከን (2፣ 4፣ 8 እያለ የሚሄድ) ያልሆነ ልክ አይሠራም። ራሳችሁ የሠራችሁት ቴክስቸር ካርታው ውስጥ ካልታሸገ ደግሞ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ያምራል፤ ሌላው ሰው ጋ ሐምራዊና ጥቁር ዳማ ሆኖ ይወጣል።

መልስ 25 የሰሌዳውን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ኤዲተርአይተምስ የተባለውን ፋይል በእጄ መቀየሬን አይቶ ደነገጠ። ስቲም የጨዋታውን ፋይሎች ሲያጣራ በዋናው ይተካዋል፤ ሥራዬ ይጠፋል። አዲስ ዕቃ ወደ ሰሌዳው የሚጨምረውን ቢኢኢ2 የተባለ ፕሮግራም እንድጠቀም፣ ዕቃዬን በጥቅል መልክ እንዳዘጋጅለት መከረ። ጥቅሉ ውስጥ ዕቃውን የሚገልጸው ፋይልና ኢንስታንሱ በየአቃፊያቸው ይቀመጣሉ፤ ወደ ጨዋታው ሲላክ ሰሌዳውን ራሱ ያዘጋጃል፤ ኮምፓይል ሲደረግም ቴክስቸሩን ካርታው ውስጥ ያሽግልናል። እንዲህ ሲሆን የሚጫወተው ሰው ቢኢኢ2 ባይኖረውም ችግር የለም። የመልስ 24 ራስ ምታት አብሮ ተፈታ።

መልስ 26 እና 27 ስለ መብራት ነበሩ። አንዱ ቪራድ የተባለው ፕሮግራም የክፍሉን ብርሃን እያሰላ ሳለ መብራት ጠፍቶበት ክፍሉን እንዳጣ ተናገረ፤ ሌላው ኮምፓይል ከማድረጉ በፊት የክፍሉን ፋይል በፍላሽ የመገልበጥ ልማድ እንዳለው ነገረው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያው አደርጋለሁ።

መልስ 28 አዲሱን ዕቃ ወስዶ ፖርታልን ነክታ ለማታውቅ ታናሽ እህቱ ሰጣት፤ አፉን ዘግቶ ከኋላ ቆመ። ይህ ቀላል አይደለም፤ ሰው ሲሳሳት አይቶ ዝም ማለት ያማል። ልጅቷ ነጥቦቹን ቆጠረች፤ 1ኛውን ተጫነች፤ መስመሩ ብርቱካንማ ሲሆን ዓይኗ ተከትሎት ሄደ፤ 2ኛውን ተጫነች። ከዚያ 1ኛው መሥራቱን ለማረጋገጥ ብላ እንደገና 1ኛውን ተጫነች፤ ሁሉም ጠፋ። ወዲያው 2ኛውን፣ 3ኛውን ተጫነች፤ ምንም የለም። እዚያ ላይ ተስፋ ቆርጣ ስልኳን አነሳች።

መልስ 29 ያቺው የ6ኛው መልስ ልጅ ናት። የኔን አሠራር አይታ ስሕተቱን አገኘችው። መሀል ላይ የተጫነ 1ኛ ቁልፍን እንደ ስሕተት ቆጥሬ ሁሉን እደመስሳለሁ፤ ግን ያንኑ መጫን እንደ አዲስ መጀመሪያ አልቀበለውም። ተጫዋቹ ደግሞ 1ኛውን ስለተጫነ ጀምሬአለሁ ብሎ ያስባል፤ ትክክልም ነው። መፍትሔዋ፦ 1ኛው ቁልፍ ምንጊዜም መጀመሪያ ሁሉን ይደምስስ፤ ከ0.05 ሰከንድ በኋላ የ2ኛውን ብራንች አንድ ያድርግ። መዘግየቱ ያስፈለገው ሁለቱ ትእዛዞች አንድ ላይ ከደረሱ የትኛው እንደሚቀድም እርግጠኛ መሆን ስለማይቻል ነው።

መልስ 30 የእኔ ነው። ነጥቡን፣ መስመሩን፣ የ0.05ቱን መዘግየት አስገብቼ ጥቅሉን ለጠፍኩ። የልጅቷ ወንድም ደግሞ አስሞከራት፤ 1፣ 2፣ 1፣ 2፣ 3 ብላ በሩን ከፈተችው። የ10ኛው ጸሐፊም አውርዶ ተጫውቶት፣ ነጥቦቹ ከሩቅ እንዲታዩ ከፍ እንዲሉ ብቻ ጠየቀኝ። ከፍ አደረግኳቸው።

መልስ 31 ትናንት ማታ መጣ፤ ከዚህ ቀደም ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው። ዕቃው ለሁለት ተጫዋች በሚሠራ ክፍል ውስጥ ቢገባስ ብሎ ጠየቀ። አንዱ 1ኛው ጋ፣ ሌላው 2ኛው ጋ ቆመው ተከታትለው ሲጫኑ፣ ሁለተኛው መጫን በዚያች 0.05 ሰከንድ ውስጥ ከገባ ብራንቹ ገና ዜሮ ነው። በቅደም ተከተል ተጭነው ሳለ 2ኛው እንደ ስሕተት ይቆጠርባቸዋል። ከዚያ የዘገየው ትእዛዝ ይደርስና የ1ኛው መስመር ብቻ በርቶ ይቀራል። በወረቀት ሳየው እንዳለው ነው። መዘግየቱን ወደ 0.01 ማውረድ ቀዳዳውን ያጠባል እንጂ አይደፍነውም፤ በዚያች ቅጽበት 2ኛውን ቁልፍ መቆለፍ ደግሞ የተጫነውን ሰው ቁልፍ ዝም ያሰኘዋል። ማክሰኞ ማታ ከመልስ 6 ልጅ ጋር ሁለታችንም ገብተን ሁለቱንም መንገድ እንሞክራለን፤ ሦስተኛ ሰው ሆኖ ከኋላ የሚያይልን ካለ እዚሁ ይጻፍልን።